ሐሰተኛ ሥዕሎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሱት ሥዕል ለመግዛት ያሰቡ፣ ከቤተሰብ የወረሱት ሥራ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልጉና ነገሩ የሚያስገርማቸው ሰዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የሌላ ሰው ሥዕል መቅዳት በራሱ ወንጀል ነው?

አይደለም። ሰዓሊ ድሮም የሚማረው በመቅዳት ነው። ፓሪስ የሚገኘው ሉቭር ሙዚየም ከ1793 ጀምሮ ሰዓሊዎች ሸራቸውን ተክለው እንዲቀዱ ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ቅጂው በመጠን ከዋናው እንዲለይና ፊርማው እንዳይገለበጥ ነው። ወንጀሉ የሚጀምረው ሥራው «የእገሌ ነው» ተብሎ ለሽያጭ ሲቀርብ ነው። አንድ ሸራ ከሰዓሊው ቤት ሲወጣ ንጹሕ ቅጂ ሆኖ ሦስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ ማጭበርበሪያ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ወሬው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ አሜሪካዊው ማርክ ላንዲስ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል የሠራቸውን ሐሰተኛ ሥዕሎች አንዳንዴ ቄስ መስሎ፣ አንዳንዴ ሟች እናቱን እያስታወሰ ከ40 ለሚበልጡ ሙዚየሞች በስጦታ ሰጥቷል። ገንዘብ ስላልተቀበለ ግን አልተከሰሰም።

የቅጂ መብት ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ አገሮች ሰዓሊው ከሞተ 70 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ሥራውን ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል፤ «ቅጂ ነው» ብሎ በግልጽ መናገርም ከዚህ አያድንም።

ስመ ጥር አስመሳዮች በአብዛኛው ነባር ሥዕል እንደማይቀዱም ልብ ይበሉ። ዋናው ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ መንታውን ይዞ ገበያ መውጣት ራስን ማጋለጥ ነው። የሚሠሩት ሰዓሊው «ሠርቶት ጠፍቶ የነበረ» የሚባል አዲስ ሥራ ነው።

ጨረታ ላይ «በእገሌ ስልት» ወይም «የእገሌ ተከታይ» የሚል ጽሑፍ ምን ማለት ነው?

ብዙ ገዢ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው፤ ያውም ማንም ሳይዋሽ። የጨረታ ካታሎግ ቃላት ከላይ ወደ ታች ደረጃ አላቸው። የሰዓሊው ሙሉ ስም ብቻውን ከተጻፈ «በእኛ እምነት የራሱ ሥራ ነው» ማለት ነው። «ለእገሌ የሚሰጥ» ሲባል ጥርጣሬ አለ። «የእገሌ ስቱዲዮ» ማለት ረዳቶቹ ሠርተውታል፣ ምናልባት በእሱ ቁጥጥር። «የእገሌ ክበብ» በዘመኑ የነበረና ቅርበት ያለው ሌላ እጅ ነው። «የእገሌ ተከታይ» የግድ ተማሪው አይደለም፤ «በእገሌ ስልት» ከሆነ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ የተሠራ ሊሆን ይችላል። «ከእገሌ የተቀዳ» የሚለው ቅጂነቱን በግልጽ ያሳውቃል።

ፊርማም እንዲሁ ነው። «የተፈረመ» እና «ፊርማ ያለበት» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፊርማው የሰዓሊው ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሸራው ላይ ፊርማ እንዳለ ብቻ ይነግርዎታል፣ የማን እጅ እንደጻፈው ግን አይወስንም። የጨረታ ቤቶቹ የቃላቱን ትርጉም የሚያስቀምጡት በካታሎጋቸው መጨረሻ በደቃቅ ፊደል ነው። ሥዕሉን ከማየትዎ በፊት እሱን ያንብቡ።

ሐሰተኛ ሥዕል እንዴት አድርጎ ትልልቅ ጋለሪዎች ውስጥ ይገባል?

በወረቀት። የብሩሹ ሥራ ከተንኮሉ ግማሹ ቢሆን ነው፤ ሌላው ግማሽ የባለቤትነት ታሪክ መፍጠር ነው፦ ማን ገዛው፣ ከማን፣ የት ዐውደ ርእይ ላይ ታየ፣ በየትኛው ካታሎግ ታተመ።

የእንግሊዞቹ የጆን ድሩና የጆን ማያት ጉዳይ ይህን እንደ መስታወት ያሳያል። ከ1986 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ማያት ወደ 200 የሚጠጉ ሥዕሎች ሠርቷል፤ ያውም በቤት ግድግዳ ቀለም። ዘይት ቀለም አይደለም! ቀለሙን ለማቅጠን ይቀላቅል የነበረው የሕክምና ማለስለሻ ቅባት ነበር። ማንም ባለሙያ በጥጥ ነካ ቢያደርገው ይነቃ ነበር፤ ግን አልነካውም፣ ምክንያቱም ወረቀቱ የተሟላ ነበር። ድሩ ለለንደኑ ቴት ሙዚየም መዛግብት ክፍል ገንዘብ ለግሶ እንደ ተመራማሪ ገባና እውነተኛ የድሮ ካታሎጎች ውስጥ የማያትን ሥዕሎች ፎቶ ያካተቱ ሐሰተኛ ገጾችን ሰገሰገ። ከዚያ በኋላ ገዢ ሊያጣራ ሲሄድ ማስረጃውን የሚያገኘው ከታመነው ቤተ መዛግብት ነው። ሐሰተኛ ሥዕል አንዴ ከተለየ ከግድግዳ ይወርዳል፤ የተበከለ መዝገብ ግን የሌሎችንም ሥራዎች ታሪክ ይዞ ይበላሻል። በእኛ አስተያየት ከሥዕሎቹ ይልቅ ከባዱ ጉዳት ይህ ነው።

የጀርመኑ ቮልፍጋንግ ቤልትራኪ ሌላ መንገድ ተከተለ። ሥዕሎቹ ከባለቤቱ ከሄለኔ አያት ስብስብ የወጡ ናቸው ተባለ። ማስረጃ ሲያስፈልግ ሄለኔ እንደ አያቷ ለብሳ ከሐሰተኞቹ ሥዕሎች ፊት ተቀምጣ ፎቶ ተነሣች፤ ፎቶውም በአሮጌ ወረቀት ታተመ። ከሸራዎቹ ጀርባ ደግሞ በናዚዎች ምክንያት አገሩን ጥሎ የተሰደደው የሥዕል ነጋዴ አልፍሬድ ፍሌክትሃይም ስምና ምስል ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ፍሌክትሃይም እንዲህ ዓይነት መለያ ተጠቅሞ አያውቅም። ጦርነት፣ ስደትና የተቃጠለ መዝገብ ያለበት ታሪክ ለአስመሳይ ምቹ ነው፤ ክፍተቱን ማንም ሊሞላው አይችልምና።

በ1846 የተመሠረተው የኒው ዮርኩ ክኖድለር ጋለሪ ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ ሐሰተኛ ሥዕሎችን የሸጠው ይባስ ብሎ ያለ ወረቀት ነው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታዋቂ የአሜሪካ ሰዓሊዎች የሮትኮ፣ የፖሎክና የደ ኩኒንግ የተባሉት ሥራዎች የመጡት «ስሙ እንዲገለጽ ከማይፈልግ ሰብሳቢ» ነው ተባለ። በእውነት የተሠሩት ግን በዚያው ኒው ዮርክ ኩዊንስ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሰዓሊ ነበር። ጋለሪው በ2011 ተዘጋ።

እና አንድ ሥዕል ሲቀርብልኝ ከየት ልጀምር?

ከጀርባው። ፊቱ እንዲያምር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ጀርባው ላይ ግን ዕድሜ ራሱ ጽፎበታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ከፍሬሙ እንዲወጣ ይጠይቁ። ሻጩ እምቢ ካለ ለዛሬ ይተዉት።

2. ሸራው የተወጠረበትን እንጨት ይመልከቱ። ለአየር የተጋለጠ እንጨት ይጠቁራል፣ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ግን ፈዘዝ ብሎ ይቀራል። ውስጡም ውጭውም አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆነ ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው።

3. ሸራው ራሱስ? በዓመታት ውስጥ መሐሉ ሲጠቁር፣ እንጨቱ የሸፈነው ዙሪያ ግን ነጣ ብሎ ይቆያል። እንጨቱን በትንሹ ቢያርቁት ልዩነቱ እንደ ጥላ ይታያል። ይህ ጠርዝ ከሌለ ሸራውና እንጨቱ አብረው አላረጁም።

4. ምስማሮቹን ይቁጠሩ። የድሮ ብረት ምስማር ቀዳዳው ዙሪያ የዝገት ቀለበት ይተዋል። ሸራው ላይ ቀዳዳ ኖሮ እንጨቱ ላይ አቻው ከሌለ ሸራው ከሌላ እንጨት የመጣ ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ሲታደስ እንጨቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን ምክንያቱ ይነገርዎ። በስቴፕለር የተመታ ሸራ «የ1890 ነው» ከተባለ ቢያንስ እንደገና ተወጥሯል።

5. የተለጠፉትን ወረቀቶችና ማኅተሞች አንድ በአንድ ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ይፈትሹ። የጋለሪው አድራሻ በዚያ ዓመት እዚያ ነበር? የጀርመን ባለ 5 አሐዝ የፖስታ ቁጥር ሥራ ላይ የዋለው በ1993 ነው፤ «የ1955» መለያ ላይ ቢያገኙት ጉዳዩ አለቀ።

በ2022 የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ከኦርላንዶ የሥዕል ሙዚየም 25 የአሜሪካዊው ሰዓሊ የባስኪያ የተባሉ ሥራዎችን የወሰደበት ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንዱ የተሠራበት ካርቶን ላይ የዕቃ አመላላሹ ድርጅት የፌዴክስ ጽሑፍ ታትሟል፤ ያ የፊደል ቅርጽ ደግሞ ድርጅቱ መጠቀም የጀመረው በ1994 ነው። ባስኪያ የሞተው በ1988 ነው።

የቀለሙ መሰነጣጠቅ የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም?

ብቻውን አይሆንም። የዘይት ቀለም ለመንካት ደረቀ ከተባለ በኋላም ውስጡ በደንብ ለመጠንከር በርካታ አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። ሲጠነክር ከሸራው ጋር መተጣጠፍ ያቅተውና ይሰነጠቃል። እውነተኛ የዕድሜ ስንጥቅ ከመሠረቱ ነጭ ቅብ እስከ ላይኛው ቀለም ይዘልቃል፤ አቅጣጫውም የሸራውን ውጥረት ይከተላል፣ ማዕዘኖቹ አካባቢ ሰያፍ ይሆናል፣ እንጨት ላይ በተሠራ ሥዕል ደግሞ የእንጨቱን ጭረት ይከተላል።

በሙቀት ወይም ሸራውን በመጠቅለል የተፈጠረ ስንጥቅ ግን አንድ ወጥ መረብ ይመስላል፣ ወይም ትይዩ መስመሮች ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ላዩ ላይ ይቀራል። ቆሻሻውም ይናገራል። የዘመናት አቧራ ስንጥቁ ውስጥ ወጣ ገባ ሆኖ ይገባል፤ የተቀባ ቀለም ግን ሁሉንም ስንጥቅ እኩል ይሞላል። ሆላንዳዊው ሃን ቫን ሜገረን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሸራ ፈልጎ፣ ቀለሙን ቤክላይት ከሚባለው ፕላስቲክ ጋር ቀላቅሎ፣ በምድጃ አብስሎ የጥጥና የአልኮል ፈተናውን (አልኮል የነካ ጥጥ ያልጠነከረ ቀለምን ያሟሟል) ማለፍ ችሎ ነበር። በመጨረሻ ግን ያው ቤክላይት ራሱ ሥዕሉ ውስጥ ተገኘ፤ ይህ ውሕድ ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው።

የጥጥና የአልኮል ፈተናውን ቤትዎ ውስጥ አይሞክሩት። እውነተኛ ሥራ ከሆነ ቫርኒሹን፣ ማለትም ቀለሙ ላይ የሚቀባውን ግልጽ መከላከያ፣ ያበላሹታል።

ቤቴ ሆኜ በአልትራቫዮሌት መብራት ማየት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ከቤት ፈተናዎች ሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ነው። 365 ናኖሜትር የሚሰጥ የእጅ መብራት ይያዙ። ርካሾቹ 395 የሚሉት ሐምራዊ ብርሃን ስለሚበዛባቸው ነገሩን ያድበሰብሳሉ። መከላከያ መነጽር ያድርጉ፣ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ያጨልሙ፣ ዓይንዎ እስኪለምድ 5 ደቂቃ ይጠብቁ።

ከዛፍ ሙጫ የተሠራ አሮጌ ቫርኒሽ አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ሆኖ ያበራል። በኋላ የተቀባ ማደሻ ቀለም ከቫርኒሹ በላይ ስለሆነ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ፊርማው እንዲሁ ጠቁሮ ከላይ የተንሳፈፈ ከመሰለ፣ የተጻፈው ሥዕሉ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ነው። ከጀርባ ያለው ወረቀት ወይም የሸራው ክር ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቢያበራ ውስጡ ማንጫ ኬሚካል አለ፤ ይህ ኬሚካል በወረቀትና በጨርቅ ላይ የተስፋፋው ከ1950 ወዲህ ነው።

ስሕተት የሚፈጠረው ውጤቱን ሰፋ አድርጎ በመተርጎም ነው። ጥቁር ነጥብ እድሳትን እንጂ ማጭበርበርን አያሳይም። ወፍራም ቫርኒሽ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ሊሸፍን ይችላል። አረንጓዴ የሚያበራ ቫርኒሽ ደግሞ ትናንት የተቀባም ሊሆን ይችላል።

ላቦራቶሪ ምን ሊነግረኝ ይችላል?

አንድ ነገር በእርግጠኝነት ሊነግርዎ ይችላል፦ «ይህ ሥዕል በተባለው ዘመን ሊሠራ አይችልም»። ተቃራኒውን፣ ማለትም «ይህን የሠራው እገሌ ነው» የሚለውን፣ አይነግርዎትም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ገዢ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞም ይታለላል።

የምርመራው አከርካሪ የቀለሞች የልደት ቀን ነው። ፕሩሺያን ሰማያዊ በርሊን ውስጥ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ኮባልት ሰማያዊ በ1802 ተፈለሰፈ፤ ሰው ሠራሽ አልትራማሪን በ1820ዎቹ መጨረሻ፣ የዚንክ ነጭ ለሰዓሊዎች በ1830ዎቹ፣ ፍታሎሲያኒን የሚባለው ደማቅ ሰማያዊ በ1930ዎቹ አጋማሽ ገበያ ገቡ። የቲታኒየም ነጭ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ነው፤ ሩታይል የሚባለው ዓይነቱ ደግሞ ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ መጣ። አንዳንዱ ቀለም ወደ ኋላም ይመሰክራል፦ ከእርሳስና ከቆርቆሮ የሚሠራው ቢጫ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሰዓሊዎች ጠረጴዛ ጠፍቶ እስከ 1941 ድረስ መኖሩ እንኳ ተረስቶ ነበር። በዚያ መሐል የኖረ አስመሳይ ሊጠቀምበት አይችልም ነበር።

ቤልትራኪን የጣለው አንድ የቀለም ቱቦ ነው። በ1914 የጀርመናዊው ሰዓሊ የካምፔንዶንክ ሥራ ነው የተባለው «ቀይ ሥዕል ከፈረሶች ጋር» በ2006 ኮሎኝ ውስጥ በጨረታ በ2.88 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ሲመረመር የቲታኒየም ነጭ ተገኘበት። ሰውዬው የገዛው የዚንክ ነጭ ነበር፤ አምራቹ ትንሽ ቲታኒየም እንደጨመረበት ግን ቱቦው ላይ አልተጻፈም።

ምርመራው በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ሥዕሉ ሳይነካ፦ ራጅ ከሥሩ ሌላ ሥዕል መኖሩን ያሳያል፤ ኢንፍራሬድ በከሰል የተነደፈውን ረቂቅ ያወጣል። እዚህ ጋ ረጋ ብለው ይመልከቱ። ሰዓሊ ሲያስብ ይሰርዛል፣ እጁን ያዞራል፣ ጣት ይጨምራል። ከፎቶ የተቀዳ ረቂቅ ግን ከጫፍ ጫፍ እኩል ይሄዳል፤ አንድም የተሰረዘ መስመር የለውም። ቀጥሎ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ቀለሙ ውስጥ ያሉ ብረቶች ይለያሉ። አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቅንጣት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

የራዲዮካርቦን ምርመራም ለዘመናዊ ሐሰተኞች አዲስ መሣሪያ ሆኗል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ የተካሄዱት የኑክሌር ሙከራዎች በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 (ጨረራ አመንጪ የካርቦን ዓይነት) ወደ እጥፍ አስጠግተውት ነበር። ቀለሙ የተቀላቀለበት የተልባ ዘይት የበቀለበትን ዘመን አየር ይዞ ስለሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ የታጨደ ተልባ ራሱን ያጋልጣል። በ2019 የዙሪኩ ዩኒቨርሲቲ ኢቴሃ ተመራማሪዎች 1866 የሚል ዓመት የተጻፈበትን የታወቀ ሐሰተኛ ሥዕል ከ200 ማይክሮግራም ባነሰ ቀለም ብቻ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ መሆኑን አሳይተዋል። ሸራው ግን አሮጌ ነበር።

የሚሳሳቱበትን ቦታም እንንገርዎ። ናሙናው በኋላ ከታደሰ ቦታ ከተወሰደ እውነተኛ ሥዕል ሐሰተኛ ይመስላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ናሙናዎቹ ከየት እንደተወሰዱ በፎቶ ምልክት ማድረግ አለበት። እንጨት ላይ ለተሠሩ ሥዕሎች የሚደረገው የእንጨት ቀለበት ቆጠራም ዛፉ ከየትኛው ዓመት በፊት እንዳልተቆረጠ ብቻ ይናገራል፤ አሮጌ ጣውላ ደግሞ ዛሬም ከቤት ዕቃ ተነቅሎ ይገኛል።

ፊርማው ከሰዓሊው ፊርማ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል። ይህስ?

ከሁሉም ደካማው ማስረጃ ነው። ሙሉ ሥዕል አስመስሎ የሚሠራ ሰው አንድ መስመር ስም አያቅተውም። በዚያ ላይ በጣም ርካሹ ማጭበርበር አዲስ ሥዕል መሥራት አይደለም፤ የአንድ ስም የለሽ ሰዓሊ እውነተኛ አሮጌ ሥራ ላይ የታዋቂ ስም መጻፍ ነው። ሸራው፣ ቀለሙ፣ ስንጥቁ ሁሉ እውነት ነው፤ ውሸቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

በ10 እጥፍ ማጉያ የፊርማውን ጠርዝ ይመልከቱ። ስንጥቅ ፊርማውን አቋርጦ ሲያልፍ የፊርማው ቀለም አብሮ ከተሰነጠቀ ደህና ነው። ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ፈስሶ ከገባ የተጻፈው ስንጥቁ ከተፈጠረ በኋላ ነው። ክኖድለር ከሸጣቸው የፖሎክ ሥራዎች አንዱ ላይ ስሙ ራሱ አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ ቢሆንም ተሸጠ።

ሥዕል ሳይሆን ቁጥር ያለው ሕትመት ገዛሁ። እሱስ ይጭበረበራል?

በብዛት። ከ10 እጥፍ ማጉያ የተሻለ ምንም አያስፈልግዎትም። ተራ የማተሚያ ቤት ሥራ ከሆነ ቀለሙ እንደ አበባ ቅጠል በተደረደሩ እኩል ነጥቦች የተሠራ ነው። በቀለም መርጫ ፕሪንተር ከታተመ ጠርዙ የተረጨ ጉም ይመስላል። እውነተኛ ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ሰሌዳ የሚታተም ሥዕል) ወጣ ገባ፣ አሸዋማ ገጽ አለው። የመዳብ ሰሌዳ ሕትመት ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሰሌዳውን ጠርዝ ጫና ይተዋል፤ መስመሮቹም በጣት ጫፍ ሊዳሰሱ ትንሽ ይቀራቸዋል። የጫናው ምልክት በማተሚያ ሊፈበረክ ስለሚችል በመስመሮቹ ይፍረዱ። በእርሳስ የተጻፈ ፊርማ ወረቀቱን ሲያዘነብሉት ያብለጨልጫል፤ ነጥብ ነጥብ ከሆነ ታትሟል።

ፊርማው እውነተኛ ሆኖ ሕትመቱ ሐሰተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ1974 የፈረንሳይ ጉምሩክ ስፔናዊው ሰዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ የፈረመባቸውን 40 ሺህ ባዶ ወረቀቶች የጫነ መኪና ይዟል። ከዚያ ወዲህ የዳሊ ፊርማ ብቻውን ለነጋዴው ብዙም ትርጉም የለውም።

የምስክር ወረቀት አለው። አይበቃም?

ማን ነው የመሰከረው? ሻጩ ራሱ ያተመው ወረቀት የእሱን ቃል መልሶ ይነግርዎታል እንጂ ሌላ ምስክር አይጨምርም። ክብደት ያለው ማስረጃ የሚገኘው የሰዓሊውን ሥራዎች ሙሉ መዝገብ ከሚያዘጋጁት ሊቃውንት ወይም ከሰዓሊው ፋውንዴሽን ነው። ወረቀቱን ፈራሚው ጋ ልከው በቀጥታ ያረጋግጡ፤ ሻጩ በሰጠዎት ስልክ ሳይሆን ራስዎ ባገኙት አድራሻ።

ለአንዳንድ ሰዓሊዎች ይህ በር ተዘግቷል። የፖሎክ አጣሪ ቦርድ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የአሜሪካዊው ሰዓሊ የዋርሆል ቦርድ ደግሞ ክስ ስለበዛበት በ2012 ሥራቸውን አቁመዋል።

ሌላ የተለመደ ማደናገሪያ አለ። ለንደን ያለው አርት ሎስ ሬጅስተርና የኢንተርፖል መዝገብ የሚያጣሩት ሥራው መሰረቁን ነው። «መዝገቡ ውስጥ አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሥዕሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ባለፈው ወር የተሠራን ሥዕል ማን ከማን ሊሰርቀው?

ባለሙያዎችና ሙዚየሞች እንዴት ይታለላሉ?

የሚመኙትን ስለሚያዩ። ቫን ሜገረን በ1937 «የኤማሁስ ራት»ን ሲያቀርብ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሰዓሊ ፌርሜር በወጣትነቱ ሃይማኖታዊ ሥዕሎችን ሳይሠራ አልቀረም የሚል ግምት በሊቃውንት ዘንድ ነበረ። እሱ የሠራው ያንን የጎደለ ቀለበት ነው። ታላቁ ሊቅ አብርሃም ብሬዲየስ በጽሑፍ አሞገሱት፣ የሮተርዳሙ ቦይማንስ ሙዚየም ከ500 ሺህ ጊልደር በላይ ወጥቶበት አገኘው። ዛሬ ለሚያየው ሰው ፊቶቹ የ1930ዎቹን የፊልም ተዋንያት ይመስላሉ። እያንዳንዱ ሐሰተኛ የራሱን ዘመን ጣዕም ይዞ ስለሚወለድ ለዘመነኞቹ አይታይም፤ ለልጆቻቸው ግን ያፈጥባቸዋል።

ቸልተኝነትም አለ። በ2018 በደቡብ ፈረንሳይ የኤልን ከተማ የኤትየን ቴሩስ ሙዚየም ከ140 ሥራዎቹ 82ቱ ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ። አንዳንዶቹ ሰዓሊው በ1922 ከሞተ በኋላ የተሠሩ ሕንጻዎችን ያሳያሉ፤ አንድ ፊርማ ደግሞ በጓንት ሲነካ ለቀቀ። በእንግሊዝ የቦልተን ከተማ ምክር ቤት በ2003 «የአማርና ልዕልት» የተባለችውን የጥንት ግብፅ ሥራ ናት የተባለች ሐውልት በ439,767 ፓውንድ ገዛ። ሠሪው ሾን ግሪንሃልግ የተያዘው በኋላ በሠራቸው የአሦር ድንጋዮች ላይ ኩኔይፎርም የሚባለው የጥንት ፊደል ስለተሳሳተ ነው።

ቅጣቱ ምን ያህል ነው?

ከገንዘቡ ጋር ሲነጻጸር ቀላል። ቤልትራኪ በ2011 በ14 ሥዕሎች 6 ዓመት ተፈረደበት፣ ሄለኔ 4 ዓመት። ድሩ በ1999 6 ዓመት፣ ማያት 1 ዓመት። ግሪንሃልግ በ2007 4 ዓመት ከ8 ወር። ቫን ሜገረን በኅዳር 1947 አንድ ዓመት ተፈርዶበት ሳይታሰር በዚያው ታኅሣሥ ሞተ። የእሱ ነገር መቼም ጉድ ነው፦ መጀመሪያ የተያዘው የአገር ቅርስ የሆነ የፌርሜር ሥራ ለናዚው ጎሪንግ ሸጠሃል ተብሎ ነበርና፣ ከክህደት ክስ ለማምለጥ «እኔው ነኝ የሠራሁት» ብሎ ራሱን አጋለጠ። ያመነው ስላጣም ተመልካች ተቀምጦበት ሌላ ሠርቶ አሳየ።

ብዙ ጉዳይ ፍርድ ቤት የማይደርሰው ሻጩ ሐሰተኛ መሆኑን ያውቅ እንደነበር ማስረዳት ስለሚያስፈልግ ነው። «እኔም ተታልዬ ነው» የሚል ደላላን ለማፍረስ ደብዳቤ፣ የባንክ ዝውውርና የዋጋው እርካሽነት ይፈለጋል። በዚያ ላይ ገዢው ራሱ ኀፍረት ይዞት ዝም ይላል።

ገዝቼ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ፣ አይሽጡት። እያወቁ ከሸጡት ተበዳይ መሆንዎ ቀርቶ አጭበርባሪ ይሆናሉ። አያስጠርጉት፣ አያሳድሱት፣ ከጀርባው ምንም አይንቀሉ። ደረሰኙን፣ ካታሎጉን፣ መልእክቶቹን በሙሉ ይሰብስቡ።

ቀጥሎ ቀኑን ያስሉ። ትልልቆቹ የጨረታ ቤቶች ሶዝቢስና ክሪስቲስ ለሰዓሊው ማንነት የሚሰጡት ዋስትና በመደበኛው 5 ዓመት ነው፤ የሕግ ክስ ጊዜ ገደብም ከአገር አገር ይለያያል። ለሻጩ ጥርጣሬዎን ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ምርመራው እስኪያልቅ መጠበቅ የብዙዎችን መብት አስበልቷል። ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው ላቦራቶሪ ይምረጡ። በ2011 ሶዝቢስ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያሻሻጠው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሰዓሊ የፍራንስ ሃልስ የተባለ የወንድ ምስል በ2016 ዘመናዊ ቀለም ሲገኝበት ለገዢው ገንዘቡ ተመልሷል። ደረሰኝዎ ላይ የሰዓሊው ስም ያለ «ይመስላል» መጻፉ ልዩነት የሚያመጣው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ሕጋዊ ቅጂ አለኝ። አንድ ቀን ማጭበርበሪያ እንዳይሆን ምን ላድርግ?

ማያትም ቤልትራኪም ዛሬ በራሳቸው ስም ሥዕል ይሸጣሉ፤ ቅጂ ግድግዳ ላይ መስቀል ነውር የለውም። አደጋው ከእርስዎ በኋላ ነው። «ቅጂ» የሚለውን ቃል፣ የቀጂውን ስምና ዓመቱን በማይለቅ ቀለም ሸራው ጀርባ ላይ ያጽፉ። እንጨቱ ላይ አይበቃም፣ እንጨት ይቀየራል፤ ወረቀት ይላጣል። ጽሑፉ መሐል ላይ ይሁን፣ ጠርዝ ተቆርጦ ይጣላል። አሮጌ ሸራ ከጀርባው በሌላ ሸራ ሲደረብ ጽሑፉ ስለሚሸፈን፣ ከመደረቡ በፊት ፎቶ አንሥተው ከሰነዱ ጋር ያስቀምጡ። ሥዕሉን ሲያወርሱ ወይም ሲሸጡ ያ ፎቶ አብሮ ይሂድ።